የኒውክለስን ቀዳዳ የሚያልፍ ፕሮቲን ሒሳቡን የሚከፍለው የት ነው?

ጥያቄው የመጣው ድሬዳዋ ውስጥ በሕክምና ላቦራቶሪ ከሚሠሩና ከሥራቸው ጎን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከሚከታተሉ አንዲት ባለሙያ ነው። አሳጥሬ ሳስቀምጠው እንዲህ ይላል፦ «አንዱ መጽሐፍ ፕሮቲን ዲኤንኤ ወዳለበት የሕዋስ ክፍል፣ ወደ ኒውክለስ፣ ለመግባት ኃይል ያስፈልገዋል፣ ራን የተባለው ትንሽ ፕሮቲን ጂቲፒ የተባለውን ኃይል ሰጪ ሞለኪውል እየሰበረ ያስገባዋል ይላል። ሌላው ደግሞ በቀዳዳው ማለፉ ራሱ ምንም ኃይል አይጠይቅም ይላል። የትኛውን ልመን? ራን አንድ ሆኖ ሳለ አንዱን አስገቢ፣ ሌላውን አስወጪ የሚሆነውስ እንዴት ነው? እርሱን የሚመስሉ ሌሎችስ አሉ? በዚያ ላይ የደንጊ ቫይረስ የሚራባው በሳይቶፕላዝም፣ ማለትም ከኒውክለስ ውጭ ባለው የሕዋሱ ክፍል፣ ውስጥ ሆኖ ሳለ አንዱ ፕሮቲኑ ኒውክለስ ውስጥ ይገኛል የሚል አንብቤአለሁ። ወደዚያ የሚገባው ምን ሊያደርግ ነው?»

ሁለቱም መጻሕፍት እውነት ይናገራሉ፤ የመጀመሪያው ግን «እየሰበረ ያስገባዋል» በሚለው አገላለጹ አንባቢን ያሳስታል። ሐረር ውስጥ ለጤና ተማሪዎች ባዮኬሚስትሪ ሳስተምር በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሜ የማገኘው ስሕተት የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። ራን ሞተር ይሆናል፣ ጂቲፒው ነዳጅ ይሆናል፣ ጭነቱም ተገፍቶ ይገባል። እውነቱ ግን ራን ማንንም አይገፋም፣ ማንንም አይጎትትም። የራን ሥራ ቦታን ማሳወቅ ነው። ጂቲፒ የያዘ ራን በብዛት የሚገኝበት ቦታ ኒውክለስ ነው፤ የማይገኝበት ሳይቶፕላዝም ነው። ጂቲፒው የሚሰበረው ጭነቱን ለማሳለፍ ሳይሆን ይህ ምልክት በውጭ በኩል ጨርሶ እንዳይከማች ለማድረግ ነው። ሕዋሱ ኃይል የሚከፍለው በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት እንዳይጠፋ ነው።

ስለ ቀዳዳው ራሱ ጥቂት ልበል። በአንድ የአከርካሪ እንስሳ ኒውክለስ ሽፋን ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉ። እያንዳንዱ 30 ገደማ ከሚሆኑ የፕሮቲን ዓይነቶች የተሠራ ሲሆን እነዚህ ዓይነቶች በብዙ ቅጂ ስምንት ማዕዘን ባለው ቀለበት ዙሪያ ይደረደራሉ። ጠቅላላ ክብደቱ 110 ሚሊዮን ዳልተን (ዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ ይደርሳል። መሐሉ ክፍት አይደለም፤ ፌኒልአላኒንና ግላይሲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች በሚደጋገሙባቸው፣ ቋሚ ቅርጽ በሌላቸው ክሮች የተሞላ ነው። ከ40 ኪሎዳልተን በታች የሆነ ፕሮቲን በክሮቹ መካከል በራሱ ሾልኮ ያልፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ፍጥነቱ በእጅጉ ይወርዳል፤ ወሰኑ ግን እንደ አጥር ድንገት የሚቆም አይደለም፣ ቀስ በቀስ የሚጠብ ነው። ትልቁ ፕሮቲን እንዲያልፍ ከክሮቹ ጋር ለአፍታ ተጣብቆ ለአፍታ የሚላቀቅ አጓጓዥ ያስፈልገዋል። ኢምፖርቲን (አስገቢ) እና ኤክስፖርቲን (አስወጪ) የሚባሉት አጓጓዦች ይህ ጠባይ አላቸው። በአንድ ቀዳዳ በሰከንድ እስከ ሺህ የሚደርስ ጭነት ሊያልፍ ይችላል።

ልብ ይበሉ፤ ፕሮቲን በሚያልፍበት በዚህ መንገድ ላይ የሚከፈት በር የለም፣ የሚሽከረከር ሞተር የለም። አጓጓዡ ጭነቱን ይዞ በሙቀት ንቅናቄ ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላል። መግባትም መውጣትም እኩል ይቻለዋል። ሁለተኛው መጽሐፍዎ ልክ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ከሆነ ሕዋሱ ችግር አለበት። ሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከሆነ የሚገባው ፕሮቲን ቢበዛ ከውጭው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ነው እንጂ ኒውክለስ ውስጥ አይከማችም። ዲኤንኤ የሚጠቀለልበት ሂስቶን የተባለው ፕሮቲን ግን ውስጥ ይከማቻል፤ ዲኤንኤ የሚያባዙት ኤንዛይሞችም እንዲሁ። አንድ ነገር አቅጣጫ መስጠት አለበት።

ራን የሚመጣው እዚህ ነው። 216 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ 25 ኪሎዳልተን የማይሞላ ፕሮቲን ነው፤ በካንሰር ጥናት ስሙ የሚነሳው «ራስ» (Ras) የተባለው የፕሮቲን ቤተሰብ አባል ነው። ከዘመዶቹ የሚለየው የቅባት ጅራት ስለሌለው ከሕዋስ ሽፋን ጋር አለመጣበቁ ነው፤ ነፃ ሆኖ ይንሳፈፋል። እንደ ቤተሰቡ ሁሉ ሁለት ቅርጽ አለው፦ ጂቲፒ ሲይዝ አንድ፣ ጂቲፒ ሲሰበር የሚቀረውን ጂዲፒ ሲይዝ ሌላ። ለብቻው ሲተው ግን በጣም ዘገምተኛ ነው። ጂቲፒውን ለመስበርም ሆነ ጂዲፒውን ለመልቀቅ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ ሁለት ረዳቶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ሥራውን በመቶ ሺህ እጥፍ ገደማ ያፋጥናሉ።

የመጀመሪያው አርሲሲ1 ይባላል። ራን የያዘውን ጂዲፒ እንዲለቅና ጂቲፒ እንዲይዝ ያደርጋል። አርሲሲ1 ከክሮማቲን፣ ማለትም በሂስቶን ላይ ከተጠቀለለው ዲኤንኤ፣ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ከሂስቶኖች ጋር ይያያዛል፣ ስለዚህም የሚኖረው ኒውክለስ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ራንጋፕ ነው። ራን ጂቲፒውን ሰብሮ ወደ ጂዲፒ እንዲቀይር ያደርጋል። ራንጋፕ የሚኖረው በሳይቶፕላዝም ነው፤ በእኛ ሕዋሳት ውስጥ ከፊሉ ሱሞ በተባለ ትንሽ ፕሮቲን አማካኝነት ከቀዳዳው ውጫዊ ፊት ጋር ይታሰራል። የነገሩ ሁሉ ምስጢር የእነዚህ የሁለቱ መለያየት ነው። ሠሪው ውስጥ፣ አፍራሹ ውጭ፣ በመካከላቸው ሽፋኑ። እ.ኤ.አ. በ2002 በብርሃን በሚለይ መሣሪያ ከእንቁራሪት እንቁላል በወጣ ጭማቂ ውስጥ ይህ ልዩነት በዓይን ታይቷል። ጂቲፒ የያዘው ራን በኒውክለስ ውስጥ ከውጭው በመቶዎች እጥፍ እንደሚበልጥ ይገመታል።

ስለ አርሲሲ1 ብዙ መጻሕፍት የሚዘሉትን አንድ ነገር ልጨምር። አርሲሲ1 «ጂቲፒ ጫን» ብሎ አይመርጥም። የሚሠራው ራን የያዘውን ማስለቀቅና ቦታውን ባዶ ማድረግ ብቻ ነው። ባዶው ቦታ በጂቲፒ የሚሞላው በሕዋስ ውስጥ ጂቲፒ ከጂዲፒ ብዙ ጊዜ ስለሚበልጥ ነው። ታዲያ ጂቲፒ እንዲበዛ የሚያደርገው ማን ነው? የጂዲፒን ፎስፌት ከኤቲፒ፣ ከሕዋሱ ዋና የኃይል ሞለኪውል፣ እየወሰዱ የሚተኩ ኤንዛይሞች ናቸው። ስለዚህ የሕዋሱን ኤቲፒ ብታሟጥጡ ጂቲፒም ይወርዳል፣ የራን ልዩነትም ይጠፋል፣ መግባቱም ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «ወደ ኒውክለስ መግባት ኤቲፒ ይፈልጋል» ተብሎ የተደመደመው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ምልከታው ትክክል ነበር፤ ኃይሉ የሚውልበት ቦታ ግን ሌላ ነበር።

አሁን አንድ ጭነት ይዘን እንግባ። የታወቀው ምሳሌ የኤስቪ40 ቫይረስ ትልቁ ቲ አንቲጅን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የመግቢያ መለያው ተገኘ፦ ፕሮሊን፣ ሦስት ላይሲን፣ አርጂኒን፣ ላይሲን፣ ቫሊን፤ ሰባት አሚኖ አሲዶች ብቻ። ከላይሲኖቹ አንዱ ሲቀየር ያ ትልቅ ፕሮቲን ሳይቶፕላዝም ውስጥ ይቀራል። ይህን መለያ የሚያነበው ኢምፖርቲን አልፋ ነው፤ ኢምፖርቲን አልፋን ደግሞ ኢምፖርቲን ቤታ ይይዘዋል። ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው ወደ ቀዳዳው ክሮች ይገባሉ። በውስጥ በኩል ሲወጡ ጂቲፒ የያዘ ራን ይጠብቃቸዋል። ራን ከኢምፖርቲን ቤታ ጋር ሲያያዝ የቤታ ቅርጽ ይለወጥና አልፋን ይለቃል፤ አልፋም ጭነቱን ይለቃል። ጭነቱ ከዚህ በኋላ ብቻውን ነው፤ አጓጓዥ ስለሌለው በቀዳዳው ተመልሶ መውጣት አይችልም። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ጂቲፒ አልተሰበረም። ራን ተያያዘ፣ ጭነቱ ተለቀቀ፣ በቃ።

ኤክስፖርቲኖች በተቃራኒው የተሠሩ ናቸው። ሲአርኤም1 የተባለው ዋናው ኤክስፖርቲን ሉሲን የሚበዛበትን የመውጫ መለያ አጥብቆ የሚይዘው ጂቲፒ የያዘ ራን አብሮት ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ ጭነቱን የሚያነሣው ኒውክለስ ውስጥ ነው። ሦስቱ ተያይዘው ወደ ውጭ ሲወጡ በቀዳዳው ፊትና በሳይቶፕላዝም ያሉ ረዳቶች ይቀበሏቸዋል፤ ራንቢፒ1 ራንን ከአጓጓዡ ላይ ያላላዋል፣ ራንጋፕ ጂቲፒውን ያሰብረዋል፣ ውስብስቡ ይበተናል። የኤችአይቪ ሬቭ ፕሮቲን የቫይረሱን አርኤንኤ ከኒውክለስ የሚያወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ሴሊኔክሶር የተባለው፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 መልቲፕል ማየሎማ ለተባለ የደም ካንሰር ዓይነት የተፈቀደው መድኃኒትም የሚዘጋው ሲአርኤም1ን ነው።

«ራን አንድ ሆኖ ሳለ እንዴት ሁለት ሥራ?» ላሉት መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። ከሐረር ተነሥቶ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መንገደኛ ጃኬቱን የሚያወልቀው ማንም አዝዞት አይደለም፤ ሙቀቱ የደረሰበትን ቦታ ይነግረዋል። በዚያው ሙቀት ሌላው ውሃ ይገዛል። ሙቀቱ አንድ ነው፣ የሚሰጡት ምላሽ ሁለት ነው፤ ጃኬት ማውለቅ ደግሞ መኪናውን አያንቀሳቅሰውም። ኢምፖርቲን በራን ጂቲፒ ፊት ጭነቱን ይጥላል፣ ኤክስፖርቲን በዚያው ፊት ጭነቱን ያነሣል። ራን የትኛውንም አይመርጥም።

ሒሳቡ የሚመጣው በመመለሻ ላይ ነው። ኢምፖርቲን ቤታ ባዶውን ሳይሆን ራን ጂቲፒ ይዞ ይወጣል። ኢምፖርቲን አልፋም በራሱ መውጣት ስለማይችል ካስ የተባለ ኤክስፖርቲን ከሌላ ራን ጂቲፒ ጋር ያወጣዋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ለገባ አንድ ጭነት ሁለት ራን ይወጣሉ፣ ሁለት ጂቲፒም ውጭ ይሰበራሉ። በኤክስፖርቲን ለወጣ ጭነት አንድ። ፈተና ላይ «ስንት ጂቲፒ?» ተብለው ቢጠየቁ የትኛው አጓጓዥ እንደሆነ መልሰው ይጠይቁ፤ በኢምፖርቲን ቤታ ብቻ የሚገቡ፣ አልፋን የማይፈልጉ ጭነቶች አሉና ሒሳባቸው አንድ ነው። የወጡት ራኖችም መመለስ አለባቸው፤ ጂዲፒ የያዘውን ራን ወደ ውስጥ የሚመልሰው ኤንቲኤፍ2 የሚባል የራሱ አጓጓዥ ነው። ይህ ባይኖር ኒውክለሱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ራን አልባ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስልዎ ወደ ሙከራው ልምጣ፤ እኔ በግሌ ከጠቅላላው ታሪክ የምወደው ይህን ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አዳም፣ ማር እና ጌራስ ዲጂቶኒን በተባለ ንጥረ ነገር የሕዋሱን ውጫዊ ሽፋን ብቻ የሚበሳ ዘዴ አስተዋወቁ። ሳይቶፕላዝሙ ይፈስሳል፣ ኒውክለሱ ሳይነካ ይቀራል። ከዚያ የፈለጉትን ፕሮቲን አንድ በአንድ ጨምሮ የትኛው እንደሚያስገባ ማየት ይቻላል። ራን አስፈላጊ መሆኑ በዚሁ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1993 በሁለት ቡድኖች ታወቀ፤ አንዱ የሙር እና የብሎበል፣ ሌላው የሜልኪዮርና የጌራስ ባልደረቦች ነበር። ቆራጡ ሙከራ ግን ከስድስት ዓመት በኋላ መጣ። ናቹሪ እና ዋይስ ጂቲፒ የማይሰብር የራን ዓይነት በውጭ በኩል አበዙ፤ ማለትም ምልክቱን ገለበጡት። ወደ ውጭ መሄድ የነበረበት ጭነት ኒውክለስ ውስጥ ተከማቸ፣ መግባት የነበረበትም ወጣ። ቀዳዳው ያው ነው፣ አጓጓዦቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ራን ጂቲፒ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ጂቲፒም አልተሰበረም። ራን ሞተር ቢሆን ኖሮ ይህ ውጤት ፈጽሞ አይገኝም ነበር።

አንድ ሌላ ማስረጃም አለ፣ ለድሬዳዋ ሰው ፈገግታ የሚያጭር። ቲኤስቢኤን2 የተባሉት የሃምስተር ሕዋሳት አርሲሲ1ቸው ለሙቀት ደካማ ነው። በ33.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ደህና ይኖራሉ፤ ወደ 39.5 ሲወጡ አርሲሲ1 በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል፣ ፕሮቲን ማስገባቱም ይዳከማል። የሚገርመው ግን መጀመሪያ የታየው ችግር ይህ አልነበረም፤ ክሮሞሶሞቹ ያለጊዜያቸው መጨማደዳቸው ነበር። የአርሲሲ1 ስም የክሮሞሶም መጨማደድ ተቆጣጣሪ የሚለውን የያዘው ከዚህ የተነሣ ነው። እውነትም ራን ከቀዳዳው ውጭ ሥራ አለው። ሕዋስ ሲከፈል የኒውክለሱ ሽፋን ይፈርሳል፤ አርሲሲ1 ግን በክሮሞሶሞቹ ላይ እንደተጣበቀ ስለሚቀር ራን ጂቲፒ በክሮሞሶሞቹ ዙሪያ እንደ ደመና ይቀመጣል፣ በኢምፖርቲን ተይዘው የነበሩ ፕሮቲኖችን አስለቅቆ ክሮሞሶሞቹን የሚከፋፍሉት ክሮች እዚያው እንዲሠሩ ያደርጋል። ሽፋን በሌለበትም ራን የሚናገረው ያንኑ ነው፦ ክሮማቲኑ እዚህ ነው።

ስለ ሌሎቹ ትንንሽ ጂቲፒ ሰባሪዎች አጭር ልሁን። ራን አብዛኛውን የኒውክለስ ትራንስፖርት የሚመለከት ነው፤ ሌሎቹ አንድ የተወሰነ ጭነት ይነካሉ። ግልጹ ምሳሌ ሮ ነው። ሮ ሲነቃ ነጠላ የአክቲን ቅንጣቶች ተያይዘው ክር ይሆናሉ። ኤምአርቲኤፍ የተባለው የጂን ተቆጣጣሪ የመግቢያ መለያው በነጠላ አክቲን የተሸፈነ ነው፤ ነጠላው ሲያልቅ መለያው ይገለጣል፣ ኢምፖርቲን ያነሣዋል፣ ይገባል። ሮ ወደ ቀዳዳው ሳይጠጋ በሩቁ ወሰነ ማለት ነው። ራክ1 ደግሞ በጅራቱ ላይ ላይሲንና አርጂኒን የሚደጋገሙበት መለያ ስላለው ራሱ ኒውክለስ ውስጥ መግባት ይችላል።

ወደ ደንጊ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋን የመታው ወረርሽኝ ለእርስዎ የመጽሐፍ ጉዳይ አይደለም። የቫይረሱ አርኤንኤ 11 ሺህ የሚጠጉ ፊደሎች አሉት፤ ትልቁ ፕሮቲኑ ኤንኤስ5 ነው፣ 900 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ 100 ኪሎዳልተን የሚያልፍ። አርኤንኤውን የሚገለብጠው እርሱ ነው፣ ይህም የሚከናወነው እንዳሉት በሳይቶፕላዝም ነው። በመጠኑ ብቻ ብንፈርድ ኒውክለስ መግባት አይችልም ነበር፤ ነገር ግን ኢምፖርቲን አልፋና ቤታ የሚያነቡት መለያ አለው፣ ራን ጂቲፒም ውስጥ ያስለቅቀዋል። የሕዋሱ ሥርዓት የራሱንና የቫይረሱን መለያ አይለይም።

ምን ሊያደርግ? ኒውክለስ ውስጥ አርኤንኤን ቆርጦ መልሶ ከሚቀጥለው ማሽን ጋር ይያያዛል፣ የሕዋሱንም የመልእክት አርኤንኤ ዝግጅት ያዛባል። ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በደንጊ ዓይነት 2 ኤንኤስ5 በብዛት ኒውክለስ ውስጥ ይታያል፤ በዓይነት 1 እና 4 ግን አብዛኛው ሳይቶፕላዝም ውስጥ ይቀራል፣ እነዚህም ያለ ችግር ይራባሉ። ስለዚህ መግባቱ ለመራባት የግድ ነው ማለት አይቻልም። ኢንተርፌሮን የተባለው ፀረ ቫይረስ ምልክት የሚያስነሣውን መከላከያ በማፍረስ ረገድ የታወቀው የኤንኤስ5 ሥራ ስታት2 የተባለውን የምልክት ፕሮቲን ማስወገዱ ነው፤ ኢንተርፌሮን ከሕዋሱ ውጭ ሲያያዝ ስታት1 እና ስታት2 ፎስፌት ተጭኖባቸው በኢምፖርቲን አልፋ በኩል ወደ ኒውክለስ መግባት ነበረባቸው። የኢቦላ ቪፒ24 ፕሮቲን ይህንኑ ጉዞ በሌላ በኩል ያሰናክላል፤ ስታት1ን የሚያነሡትን የኢምፖርቲን አልፋ ዓይነቶች ራሱ ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ድሬዳዋን የመታው የቺኩንጉንያ ቫይረስም ኤንኤስፒ2 የተባለ ፕሮቲኑን ኒውክለስ ውስጥ ልኮ የሕዋሱን ዋና የአርኤንኤ ጸሐፊ ኤንዛይም አንዱን ክፍል ያስፈርሳል። ይህ ከደንጊ የበለጠ ጨካኝ ነው፤ የሕዋሱን የጂን ንባብ ጠቅላላ ይዘጋል።

የመጨረሻው፣ ያልጠየቁኝ ነገር ግን ሕመምተኞች ሊጠይቁዎት የሚችሉት፦ አይቨርሜክቲን፣ የጥገኛ ትል መድኃኒቱ። በላቦራቶሪ ሕዋሳት ላይ አይቨርሜክቲን ኢምፖርቲን አልፋና ቤታ ኤንኤስ5ን እንዳይዙ ማድረጉ ታይቷል፣ የደንጊን መራባትም ቀንሷል። ይህን የሰሙ ሰዎች መድኃኒቱን ለደንጊ ይፈልጉታል። በታይላንድ ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ሙከራ ግን ኤንኤስ1 የተባለው ሌላው የቫይረሱ ፕሮቲን ከደም ፈጥኖ ቢጠፋም ሕመሙ አልቀለለም። በሳህን ላይ ያለ ሕዋስ የሚያገኘው የመድኃኒት ክምችት በሰው ደም ውስጥ ከሚደረስበት በእጅጉ የሚበልጥ ነው። ስለዚህ ለኦንኮሰርካ ትል በሽታ የሚታደለው አይቨርሜክቲን ለኦንኮሰርካ ይቆይ፤ ለደንጊ የሚመክሩት ፈሳሽ፣ ክትትል፣ የፕሌትሌት ቆጠራና ከአስፕሪን መራቅ ይሁን።